ከልክ ያለፈ የዕቃ ማሸጊያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕቃ በኦንላይን አዝዘው የሚያስመጡም ሆኑ ከሱቅ መደርደሪያ አንሥተው የሚወስዱ ሰዎች ስለ ማሸጊያ ሲያማርሩ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው የአሜሪካንና የአውሮፓን ገበያ የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያን የሚነካው ወደ መጨረሻው ቀርቧል። የኢትዮጵያ ሕጎች ከተጠቀሱበት ቦታ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሸጊያ ከልክ አለፈ የሚባለው መቼ ነው?

ማሸጊያ በራሱ ጥፋት አይደለም። ዕቃው ከፋብሪካ እስከ ቤት ሳይሰበር፣ ሳይበላሽና የሰው እጅ ሳይነካው እንዲደርስ ማድረግ፣ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነና መጠኑ ስንት እንደሆነ ማሳወቅ ሥራው ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱንም ሳይሠራ የተጨመረ ነገር ሁሉ ትርፍ ነው ማለት ይቻላል፤ በቱቦው ውስጥ በደንብ ተዘግቶ የተቀመጠ የጥርስ ሳሙና እንደገና ካርቶን ሲለብስ፣ ወይም አንዲት የሽቶ ብልቃጥ ብዙ እጥፍ በሚበልጣት ሣጥን መሐል ስትቀመጥ እንደሚታየው ማለት ነው። በተግባር ግን ድንበሩ አከራካሪ ነው፤ አምራቹ «መከላከያ ነው» የሚለውን ገዢው «ማስታወቂያ ነው» ይለዋል።

ጠቃሚው ጥያቄ ማሸጊያው የተሠራው ለማን ምቾት ነው የሚለው ይመስለናል። ለማሸጊያ ማሽኑ፣ ለጭነት መኪናው፣ ለመደርደሪያው፣ ለባለሱቁና ለማስታወቂያ ክፍሉ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ቤቱ ወስዶ የሚከፍተውና ቆሻሻውን የሚጥለው ሰው የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። የዚህ ሁሉ ምሬት ምንጭ ይኸው ነው።

ትንሽ ዕቃ አዝዤ ትልቅ ካርቶን የሚመጣልኝ ለምንድን ነው?

የመጋዘን ሠራተኛ የሚያሽገው በእጁ ባሉት ጥቂት መደበኛ የካርቶን መጠኖች ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ልኩን ካርቶን ማከማቸት ቦታ ይፈጃል፤ መምረጡም ጊዜ ይወስዳል፤ ሥራው ደግሞ የሚለካው በፍጥነት ነው። የትኛው ካርቶን እንደሚስማማ በአብዛኛው የሚነግረው ኮምፒውተር በመሆኑ፣ የዕቃው ልኬት በስሕተት ተመዝግቦ ከሆነ ወይም ልክ የሆነው ካርቶን በዚያ ሰዓት ካለቀ፣ ትልቁ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ባዶውን ቦታ በተጨማደደ ወረቀት ወይም አየር በተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች መሙላት ግድ ይሆናል፤ አለዚያ ዕቃው መንገዱን ሁሉ እየተንገጫገጨ ይመጣል። በዚህ ላይ ዕቃው ራሱ ለሱቅ መደርደሪያ ተብሎ የተሸለመ ሣጥን ስላለው፣ ቤትዎ የሚደርሰው ሣጥን በሣጥን ሆኖ ነው።

ይህ ለላኪውም ኪሳራ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በአሜሪካ ሁለቱ ትልልቅ የጭነት ድርጅቶች፣ ፌዴክስና ዩፒኤስ፣ ከ2015 መባቻ ጀምሮ ትንንሽ የምድር ጭነቶችን ሳይቀር በክብደት ብቻ ሳይሆን በያዙት ቦታ ጭምር ማስከፈል ጀምረዋል። አሠራሩ የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በኢንች አባዝቶ ለ139 ማካፈል ሲሆን፣ የሚገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ ሒሳቡ የሚሠራው በእርሱ ነው። 16 በ12 በ8 ኢንች የሆነ ካርቶን ውስጥ አንድ ፓውንድ የማይሞላ ገመድ ቢኖር፣ በዚህ ስሌት የ12 ፓውንድ ይከፈልበታል ማለት ነው። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ተደራድረው ቅናሽ ስለሚያገኙ ቁንጥጫው ለሁሉም እኩል አይሰማም፤ ቢሆንም ከቆዩ የአካባቢ ጥበቃ ስብከቶች ይልቅ የካርቶኖችን መጠን ያሳነሰው እንዲህ ያለው ስሌት ይመስለናል። አማዞንም በ2019 ከ18 በ14 በ8 ኢንች የሚበልጡ ዕቃዎችን የሚያቀርቡለት ነጋዴዎች ያለ ተጨማሪ ካርቶን ሊላክ በሚችል ማሸጊያ እንዲያዘጋጁ፣ ያላዘጋጁት ግን በእያንዳንዱ ዕቃ ቅጣት እንዲከፍሉ ደንግጓል። በ2024 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የሚጠቀምባቸውን የአየር ከረጢቶች በአብዛኛው በወረቀት ተክቷል፤ ይህ የፕላስቲኩን ችግር ያቃልላል እንጂ ባዶውን ቦታ አያጠብም።

ጠንካራው ግልጽ ፕላስቲክ ያለ መቀስ የማይከፈተው ለምንድን ነው?

እንዳይከፈት ስለተሠራ ነው። የጥፍር ያህል ስፋት ያላት የሜሞሪ ካርድ ከመዳፍ በሚሰፋ ጠንካራ ፕላስቲክ መሐል የምትቀመጠው ኪስ ውስጥ ሸርተት እንዳትል ሲሆን፣ የፕላስቲኩ ሁለት ጎኖች ዙሪያቸውን በሙቀት የሚጣበቁት ደግሞ ሌባ ሱቁ ውስጥ ቆሞ በእጁ እንዳይከፍታቸው ነው። ከላይ ያለው ቀዳዳ መንጠቆ ላይ ለመስቀል፣ ግልጽነቱ ገዢው ሳይነካ እንዲያይ፣ ከጀርባው ያለው ባለቀለም ወረቀት ሻጭ በሌለበት ሻጭ ሆኖ እንዲናገር ነው። ሁሉም የመጡት ገዢው ራሱ እየዞረ ከሚያነሣበት የሱቅ አሠራር ጋር ነው። ባንኮኒ ጀርባ ባለሱቅ ባለበት ቦታ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የሰፈር ሱቅ ሁለት ባትሪ ሲጠየቅ ከካርቶኑ መዝዞ ይሰጣል፣ ነገሩ ያልቃል።

የሚያስገርመው በኦንላይን የተገዛ ዕቃም በዚሁ ፕላስቲክ ታሽጎ መምጣቱ ነው፤ መደርደሪያ የለም፣ መንጠቆ የለም፣ ኪስ የሚከት ሌባ የለም። አማዞን በኅዳር 2008 ከማቴል፣ ከፊሸር ፕራይስ፣ ከማይክሮሶፍትና ከትራንሴንድ ጋር ሆኖ ለመክፈት የማያስቸግር ማሸጊያ በ19 ዕቃዎች የጀመረው ይህንኑ ተገንዝቦ ነው። ከዕቃዎቹ አንዱ የፊሸር ፕራይስ የመጫወቻ መርከብ ነበር፤ ከአሮጌው ማሸጊያው እንዲወጣ ከተደረገው ነገር መካከል 36 ኢንች፣ ማለትም ወደ 91 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፕላስቲክ የለበሰ የማሰሪያ ሽቦ ይገኝበታል። በልደት ቀን ጠዋት ሕፃን እያለቀሰ አሻንጉሊቱን ከካርቶኑ ጀርባ ጋር ያሰሩትን ሽቦዎች አንድ በአንድ የፈታ ወላጅ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አሻንጉሊቱ የሚታሰረው በጉዞ እንዳይሰበር ብቻ ሳይሆን፣ በመስኮቱ በኩል ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዲታይም ነው።

ማሸጊያ ሲከፈት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል?

አዎ፤ የአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን ግምት በ2004 ብቻ ወደ 6,500 የሚሆኑ ሰዎች ማሸጊያ ሲከፍቱ ባገኛቸው ጉዳት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሄደዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ቢላዋው ፕላስቲኩን ሲበሳ ባልታሰበ ፍጥነት ወደ ያዘው እጅ ሲያልፍ፣ ሁለተኛው ደግሞ የተቆረጠው የፕላስቲክ ጠርዝ ራሱ ስለት ሆኖ ሲቆርጥ ነው። ስለዚህ ቢላዋ ከመጠቀም ጠንካራ መቀስ ይሻላል፤ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ሦስቱ ጎኖች እስከ መጨረሻው ተቆርጠው እንጂ በግማሽ ተቆርጦ በእጅ መገንጠል የለበትም። በጎማ የሚዞር የቆርቆሮ መክፈቻም ጠርዙን ነክሶ ሲዞር ጥሩ አድርጎ ይከፍታል። ከመጀመርዎ በፊት ጀርባውን ገልብጠው ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ላይ በነጠብጣብ የተበሳሳ መክፈቻ መስመር አለ፣ የሚያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ወይም ለአረጋዊ ሰው ሲገዙ ዕቃውን እዚያው ሱቁ ውስጥ እንዲከፍቱልዎት መጠየቅ ነውር አይደለም።

የመድኃኒት ማሸጊያም ያለ ምክንያት ነው የሚያስቸግረው?

አይደለም፤ እዚህ ላይ ምሬቱ ልክ ሊኖረው ይገባል። በ1982 በቺካጎና በአካባቢዋ ታይሌኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ እንክብል ውስጥ አንድ ያልታወቀ ሰው ሳያናይድ ጨምሮ 7 ሰዎች ሞተዋል። ብልቃጦቹ ከመደርደሪያ ተወስደው፣ ተበክለው ሊመለሱ የቻሉት መከፈታቸውን የሚያሳይ ምንም ምልክት ስላልነበራቸው ነው። በዚያው ዓመት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶች ተነካክተው እንደሆነ በሚያሳብቅ እሽግ እንዲሸጡ ታዘዘ፤ ዛሬ ከክዳኑ ሥር የምንልጠው ስስ ሽፋንና በክዳኑ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ከዚያ የመጣ ነው። ሕፃናት የማይከፍቱት ክዳን ደግሞ በ1970 የወጣ ሌላ ሕግ ውጤት ነው። ቤታቸው ሕፃን የሌለ አረጋውያን በአሜሪካ ፋርማሲ ውስጥ ተራ ክዳን እንዲደረግላቸው መጠየቅ ይፈቀድላቸዋል።

ኪያርን በፕላስቲክ መጠቅለል ምን ይባላል?

እንደሚመስለው ጅልነት አይደለም። ልጣጩ ስስ የሆነው ረጅሙ ኪያር ውሃው ቶሎ ስለሚተን፣ ስስ ፕላስቲክ ለብሶ ሩቅ አገር ሲጓዝ ብዙ ቀን ይቆያል፤ የተበላሸ ምግብ መጣል ደግሞ ከፕላስቲኩ የከፋ ብክነት ነው። በአካባቢው ተመርቶ በማግሥቱ ለሚሸጥ ኪያር ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። የራሷ ልጣጭ ያላት ብርቱካን ተልጣ በፕላስቲክ ሣጥን ስትሸጥ ማየት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእርሱ የምናቀርበው መከላከያ የለንም።

ከረጢቱ ትልቅ፣ ውስጡ ያለው ግን ትንሽ የሚሆነው ማታለል አይደለም?

አንዳንዴ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። የድንች ጥብስ ከረጢት ውስጥ ያለው አየር ተራ አየር ሳይሆን ናይትሮጅን ሲሆን፣ ዘይቱ እንዳይበላሽና ጥብሱ እንዳይደቅ ይጠብቃል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደንብ ተግባር የሌለውን ባዶ ቦታ አሳሳች ብሎ ይከለክላል፤ ሆኖም ይዘቱን ለመጠበቅ፣ ለማሽኑ አሠራር፣ ወይም ዕቃው በጉዞ ስለሚረጋ የሚፈጠረውን ባዶነት የመሳሰሉ ስድስት የተፈቀዱ ምክንያቶችን ስለዘረዘረ፣ ብልህ ጠበቃ ያለው አምራች ከስድስቱ በአንዱ በኩል ሾልኮ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህ የባሰው እሽጉ ሳይለወጥ ውስጡ የሚቀንሰው ነው። በ2016 በብሪታንያ የሚሸጠው ቶብለሮን ቸኮሌት በሦስት ማዕዘኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ፣ የ400 ግራሙ 360፣ የ170 ግራሙም 150 ግራም ሲሆን ሕዝቡ የተቆጣው መጠኑ በመቀነሱ ብቻ ሳይሆን ካርቶኑ ያው በመሆኑ ጭምር ነበር። ፈረንሳይ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ትልልቅ ሱቆች እንዲህ ያለ ዕቃ አጠገብ ማስጠንቀቂያ እንዲለጥፉ አስገድዳለች። ለገዢ የሚረዳው የካርቶኑን ቁመት ትቶ የግራሙን ቁጥርና በመደርደሪያው ላይ በትንሹ የሚጻፈውን የኪሎ ዋጋ ማየት ነው።

የማሸጊያውን ወጪ የሚሸፍነው ማነው?

ሁለት ጊዜ የሚከፍለው ገዢው ነው፤ አንድ ጊዜ በዕቃው ዋጋ ውስጥ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ቆሻሻውን በሚያነሣው ማዘጋጃ ቤት ግብር። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዘገባ መሠረት በ2018 ከቤትና ከንግድ ቦታ ከወጣው ደረቅ ቆሻሻ 28.1 በመቶው፣ ማለትም 82.2 ሚሊዮን ቶን፣ ማሸጊያና መያዣ ነበር። የማሸጊያውን ዓይነት የሚወስነው ድርጅት ከዚህ የማስወገጃ ወጪ ለረጅም ዘመን ሳንቲም አልከፈለም፤ የማይከፍል ሰው ደግሞ የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም። ሜይን በ2021 ይህን ወጪ ወደ አምራቾች የሚያዞር ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ኦሬገን፣ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ ተከትለዋል።

በሕግ የተሳካለት አገር አለ?

ጀርመን በ1991 ያወጣችው ደንብ ቀዳሚው ነው። ከሚያዝያ 1992 ጀምሮ ገዢው ከዕቃው ውጭ ያለውን ትርፍ ማሸጊያ እዚያው ሱቅ ውስጥ ገፎ ጥሎ የመሄድ መብት አገኘ፤ ባለሱቁም የመቀበል ግዴታ። ባለሱቆች በሌሎች ካርቶን ክምር መጥለቅለቁን ስላልወደዱት አምራቾችን ይጫኑ ጀመር፤ የጥርስ ሳሙናን የሚያለብሰው ካርቶንም ከብዙ መደርደሪያዎች ጠፋ። ከሕጎቹ ሁሉ ይህን የምንወደው ገዢውን ስለማይመክር ነው፤ የሚያደርገው ቢኖር ቆሻሻውን ትእዛዝ መስጠት ወደሚችለው ሰው በር መመለስ ነው።

ደቡብ ኮሪያ በቁጥር ትገድባለች፤ እንደ ዕቃው ዓይነት በእሽጉ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከ10 እስከ 35 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሽፋኑም በአብዛኛው ከሁለት እንዳያልፍ። በቻይና የመኸር በዓል ኬክ በሐር በተለበጠ ሣጥን፣ ከሻይና ከወይን ጋር እየታጨቀ ለባለሥልጣን መማለጃ እስከ መሆን ደርሶ ስለነበር፣ ከነሐሴ 2022 ጀምሮ ከሦስት ሽፋን በላይ እንዳይኖረው ተከልክሏል። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ ደንብ በየካቲት 2025 ጸንቷል፤ ከ2030 ጀምሮ ለጭነትና ለኦንላይን ሽያጭ በሚውል ማሸጊያ ውስጥ ባዶ ቦታው ከ50 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ በወረቀትና በአየር ከረጢት የተሞላውም ቦታ እንደ ባዶ ይቆጠራል። ይህች የመጨረሻ ሐረግ ባትኖር ኖሮ ደንቡ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

በእስራኤል ለሚኖሩ አንባቢዎች፦ በ2011 የወጣው የማሸጊያ ሕግ ብርቱካንማውን የቆሻሻ ገንዳ ያመጣ ሲሆን፣ ከታኅሣሥ 2021 ወዲህ ትልልቆቹ የመጠጥ ጠርሙሶችም መያዣ ገንዘብ ይመለስባቸዋል።

የሦስት ማዕዘን ቀስት ምልክት ያለበት ሁሉ እንደገና ይሠራል?

አይሠራም። በቀስቶቹ መካከል ያለው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ይናገራል። 1 ቁጥርና 3 ቁጥር ፕላስቲክ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን ጥቂት 3 ቁጥር የገባበት የ1 ቁጥር ቅላጭ ይበላሻል። ፕላስቲክና አሉሚኒየም ተደራርበው የተጣበቁበት እሽግ ደግሞ ለመለየት ስለሚያስቸግር በአብዛኛው መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ወይም እሳት ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ምን ይመስላል?

መልኩ የተለየ ነው። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ከነሣጥኑ ተመላሽ ነው፤ የዘይት ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ማር፣ አረቄ ወይም ላምባ ይያዝበታል፤ የቀረውን ቆራሌው ገዝቶ ይሄዳል። ዋጋ ያለው ማሸጊያ ሜዳ ላይ አይወድቅም። የሚወድቀው ቆራሌው ዞር ብሎ የማያየው ነው፦ ስስ ፌስታል፣ የብስኩት ልጣፍ፣ በአንድ እጥበት የምታልቅ የዱቄት ሳሙና ከረጢት። የመጨረሻይቱን የሚገዛት ለትልቁ እሽግ የሚሆን ገንዘብ በአንድ ጊዜ የማይኖረው ሰው በመሆኑ፣ «ትልቁን ግዛ፣ ማሸጊያ ትቆጥባለህ» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም።

በሕግ በኩል፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ፣ በተፈጥሮ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በፌስታል ላይ የጠበቀ ክልከላ የያዘ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። በሌላ በኩል የታሸገ ውሃ ክዳን ላይ ይደረግ የነበረው፣ በጥፍር ተልጦ መንገድ ላይ የሚጣለው ስስ ፕላስቲክ እንዲቀር ተደርጓል፤ ክዳኑ ራሱ ሲከፈት የሚበጠስ ቀለበት ስላለው ሽፋኑ ትርፍ ነበር፣ በዚያ ላይ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ።

ወደ ኢትዮጵያ ስሄድ ዕቃውን ከማሸጊያው ባወጣው ይሻላል?

23 ኪሎ የተፈቀደለት ሻንጣ ውስጥ ካርቶንና ጠንካራ ፕላስቲክ ይዞ መሄድ ለአየር ቦታ መክፈል ነውና፣ ለጫማ፣ ለአሻንጉሊትና ለወጥ ቤት ዕቃ ማውጣቱ ይሻላል፤ ጫማው ውስጥ ካልሲ፣ ድስቱ ውስጥ ልብስ ይገባል። መድኃኒት ግን ስሙና ጊዜው ከተጻፈበት እሽግ መውጣት የለበትም። የሕፃን ወተትም ቆርቆሮው ሳይከፈት ይሂድ። ለስጦታ የሚሆን ስልክ ወይም ሽቶ ላይ ውሳኔው ይከብዳል፤ ተቀባዩ ካርቶኑን ካላየ አዲስነቱን ሊጠራጠር ይችላልና፣ ብዙ ሰው ካርቶኑን ጠፍጣፋ አድርጎ አጥፎ ከሻንጣው ሥር ያነጥፈዋል።

ቅሬታዬን ለማን ላቅርብ?

በመጀመሪያ ለአምራቹ ነው፤ ፎቶ፣ የዕቃው ስምና የተገዛበት ቀን ያለበት አጭር ጽሑፍ ከረጅም ምሬት የተሻለ ይሠራል። ዕቃውን «ማሸጊያው ከልክ ያለፈ ነው» በሚል ምክንያት መመለስ በሚቻልበት ቦታ፣ መመለስ ከጽሑፍም ይበልጣል፤ የመመለሻ ምክንያቶች በሻጩ ዘንድ ተቆጥረው ለአምራቹ ይደርሳሉና። አታላይ እሽግ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ የየካውንቲው የሚዛንና የመለኪያ ቢሮ ይመለከተዋል፤ በጀርመን የሐምቡርግ የሸማቾች ማእከል ከገዢዎች የሚደርሱትን ጥቆማዎች ይዞ የዓመቱን አታላይ እሽግ በሕዝብ ድምፅ ያስመርጣል። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ስለሰጠው፣ በላዩ የተጻፈው ግራም ከውስጡ ጋር የማይገናኝ ዕቃ ያጋጠመው ሰው እሽጉን ሳይጥል ከነደረሰኙ ይዞ ወደ አካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላል።